ዲፕሎማቱ አንዴ ብቻ ጠየቀን
በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የፓርቲያችን የዞን ሊቀመንበር፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ ከመስኮቱ በስተግራ ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ገንዘብ ያዣችን፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ። ከሐጂ ቀጥሎ የጸሐፊያችን ባለቤት፤ ጸሐፊያችን ራሱ ክስ ሳይመሠረትበት ከታሰረ ወራት አልፈውት ነበር። ከፊት ለፊታቸው አንድ የአውሮፓ ዲፕሎማትና ወጣት ረዳቱ። መካከል ላይ እኔ፣ እንግሊዝኛን ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት የለቀምኩ አስተርጓሚ። የዲፕሎማቱ ሾፌር ውጭ መኪናው ውስጥ ነበር።

በዚያ ሰሞን መንግሥትና ታጣቂዎች ለድርድር እንዲቀመጡ ይሞከር ነበር። ዲፕሎማቱ የመጣው ነፍጥ ያላነሱ ፓርቲዎች የሚሉትን ሰምቶ ለአደራዳሪዎቹ ሊያደርስ ነው። እኛ ትንሽ የግራ ፓርቲ ነን። ብዙ የምንለው ቢኖረንም፣ በዋዜማው የተስማማነው የጸሐፊያችን መታሰር ለእንግዳው እንዲነገር ነበር። ሊቀመንበሩ ባለቤቱን «ልጄ፣ ይህን ለእኔ ተይው፤ በወጉ አነሳዋለሁ» ብለዋት ነበር።

እንግዳው እስኪገባ ሐጂ ይቀልዱ ጀመር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዕድሜህን ሙሉ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም ስትል ኖረህ፣ ዛሬ ልትጨብጠው ነው?»

«ጨብጬው ጣቶቼን እቆጥራለሁ።»

«አምስቱም ካሉ አሸነፍን በለኛ!»

የጸሐፊያችን ባለቤትም ሳቀች። ያን ቀን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

እንግዳው እንደተቀመጠ ሐጂ ከቤታቸው ያስመጡትን ድፎ ዳቦ ቆርሰው ዘረጉለት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነና አልፈልግም አለ። «በሞቴ!» አሉት። አሁንም አልፈልግም አለ። «አፈር ስሆን፣ ይህችን ብቻ!» ሲሉ ግራ ገብቶት ምን እንደሚሉ ጠየቀኝ። ካልበሉ እሞታለሁ እያሉ ነው ስለው ደንግጦ ተቀበለ። በላ፤ ሁለተኛም ጨመረ።

ከዚያ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትምህርት ቤቶች ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ረጋ ብለው መለሱ፣ እኔም ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። በመጨረሻ፣ ለፓርቲያችሁ ለራሱ እንዲነሳለት የምትፈልጉት ነገር አለ ወይ አለ።

ሊቀመንበሩ የኮታቸውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ። «ኧረ እኛ ለራሳችን ምን እንላለን። ለአገሩ ሰላም ይውረድ፤ የእኛስ ይደርሳል።»

አስተረጎምኩ። እኛ ዘንድ ይህ «የምንፈልገው የለም» ማለት አይደለም። ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ የራሱን በደል አይዘረግፍም፤ ይግደረደራል፣ ሲገፉት ይናገራል። ሁላችንም «ይንገሩኝ እንጂ» እስኪል ጠበቅን። ዲፕሎማቱ በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ ጻፈች። እሱ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

በእንግሊዝኛ፣ እባክዎ ደግመው ይጠይቋቸው አልኩት። ይህ ከእሳቸው የመጣ ነው ወይስ ከአንተ ሲል ጠየቀኝ። ከእኔ ነው አልኩ። ፈገግ ብሎ፣ ሰው ያላለውን እንዲል መጫን አልወድም አለና ተነሣ። ሾፌሩ መንገዱ ሳይዘጋ እንውጣ ብሎ ጥሩምባ ነፋ።

«ጋሼ!» አለች የጸሐፊያችን ባለቤት።

ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ አፋቸው ተከፈተ። እየተከተሉት፣ በኮሪደሩ፣ በደረጃው፣ የታሰረውን ሰው ስምና የታሰረበትን ሁኔታ ያወሩ ጀመር፤ እኔ ከኋላ ከኋላ እያስተረጎምኩ። ዲፕሎማቱ አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ አስገብቶ ሰማ። ፊቱ አዘነ። ይህንን ቅድም ክፍሉ ውስጥ ሳለን ብትነግሩኝ ኖሮ አለ፤ ቀጥሎም እሞክራለሁ አለ። ረዳቱ ቦርሳዋን ዘግታ ተቀምጣለች።

ከሳምንታት በኋላ በውይይቱ የተነሡ ጉዳዮች በሬዲዮ ሲነበቡ ሊቀመንበሩ፣ ሐጂና እኔ በሐጂ ሱቅ ቆመን አዳመጥን። ስለ መንገድም ስለ ማዳበሪያም ተነበበ። ሊቀመንበሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ወጡ። የጸሐፊያችን ጉዳይ ቢነሳ ኖሮ ይፈታ ነበር ወይ? አላውቅም። ዛሬም አልተፈታም።

ባለቤቱን ገበያ ባገኘኋት ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነው፦ «ስሙን ልብ ብሎ ይዞት ይሆን?» በዚያ ቀን አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙኝ፣ ያላየሁትን ጨምሩልኝ። ሾፌሩም ቢሆን፤ መኪናው ሲዞር መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር። ዲፕሎማቱ በመንገድ ላይ ያን ስም ሲደግም የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ለእሷ የምመልሰው አጥቻለሁ።