ከመቶ ኪሎ በታች

ሰኞ ሰኞ ጠዋት ነርስ ሎሴሊ የክሊኒኩን በር ስትከፍት ያ ግዙፍ ሰውዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ጫማውን አውልቆ፣ እንደ አገሩ ወግ ከልብሱ በላይ ወገቡ ላይ የታጠቃትን ሰሌን ፈትቶ ሚዛኑ ላይ ይወጣል። የቫቫኡ ደሴት ሰው ሆኖ የዘወትር ምግቡን ካሳቫና ጎደሬ ከተወ አራት ወሩ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ይውልና ሲመሽ ቁራጭ ዓሣ ይቀምሳል።

"ካሳቫ ምን በደለህ?" ይሉታል ወረፋ የያዙት ሴቶች። "ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?"

ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል።

ኒውዚላንድ ሄዶ ኩላሊቱን ለመስጠት ከመቶ ኪሎ በታች መውረድ አለበት። ለማን እንደሚሰጥ ሎሴሊ ስትጠይቀው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ኪሎው በየሳምንቱ ይቀንሳል፤ ቦርጩ ግን እንዳለ ነው። ያለቀው፣ ጎደሬ ሲቆፍርበት የኖረው ክንዱና ጭኑ ነው።

"አባባ፣ ስቡ ቁጭ ብሎ የሚቀልጠው ጡንቻዎ እኮ ነው። እንዲህ አይጹሙ" አለችው ባለፈው ሰኞ።

"ሚዛኑ ይህን ይለያል?"

"አይለይም።"

"እንግዲያው ተይኝ፣ ልጄ።"

ዛሬ እስከ ብብቱ የሚደርስ፣ የተቦጫጨቀ ትልቅ ሰሌን ለብሶ መጣ። እዚህ ወንድ ልጅ ለእህቱ ሞት የሚለብሰው ይህን ነው። ሎሴሊ ኩላሊቱ ለማን እንደነበርና የዝምታው ምክንያት ያኔ ገባት፤ ወንድም ስለ እህቱ ገላ ለባዕድ አያወራም።

ሰውዬው ሰሌኑን ፈታ። ግድግዳውን ተደግፎ ሚዛኑ ላይ ወጣ።

"ስንት ነው?"

"ዘጠና ዘጠኝ።"

"ጻፊው" አለ። ከዚያ መውረድ አቅቶት እጁን ዘረጋላት።