አባቴና የታሰረችው ሚዳቋ

አባቴ በሕይወቱ ሁለት ነገር አይሆንለትም ነበር፤ ዝም ማለትና ተሳሳትኩ ማለት። ለሁለቱም ተጠያቂው ጠመንጃው ይመስለኛል። ከአያቴ የወረሰው፣ ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ የሚገባ፣ አገሩ «ቆመህ ጠብቀኝ» እያለ የሚያላግጥበት አሮጌ ነፍጥ ነበረው። ለመተኮስ ባሩዱን በቀንድ ለክቶ ያፈሳል፤ ጨርቅ ይጠቀጥቃል፤ የእርሳሱን አረር ያስከትላል፤ በዘንግ ይጎሰጉሳል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አውሬው ግጦ ጠግቦ ሄዷል። ቃታው ከተሳበ በኋላ እንኳ ነፍጡ ልተኩስ አልተኩስ እያለ ያመነታል። በመጨረሻ ሲተኮስ ግን ድምፁ ከገደል ገደል እየተላተመ አባይ ማዶ ይሰማል። ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንት ድረስ በእኛ በኩል ያለው ዱር ውስጥ ቆቅ እንኳ አትጮኽም።

የምንኖረው ከመካነ ሰላም ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ደጋው አልቆ ወደ አባይ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ንጉሡ ወርደው፣ መሬት ላራሹ ታውጆ፣ ገበሬ ማኅበር ከተቋቋመ ብዙ አልቆየም። መሬቱ ደርሶናል፤ ዝናቡ ግን አልደረሰንም። ክረምቱ አጥሮ ነበር፤ በልጉ ደግሞ ጭራሽ ቀረ። አንደኛው በሬያችን ሞተ፤ ፍየሎቹን በእህል ለወጥናቸው፤ እህሉም አለቀ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች ሁለት ወሯ ነበር። ጎመን እየቀቀለች፣ ውኃውን እየጠጣች ስታጠባ ከረመችና ከፋሲካ በኋላ ጡቷ ደረቀ። ያዋለደቻት ሴትዮ ልጂቱን አንሥታ በእጇ መዘነቻትና ወደ እኔ ዞረች። እናቲቱ የሥጋ መረቅ ካላገኘች ይህቺ ልጅ ክረምቱን አታይም አለችኝ። በሰፈሩ የሚታረድ ነገር አልነበረም። የቀረው የዱሩ ነው።

አባቴ ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «አብሽሪ፤ ድኩላ ይዤልሽ እመጣለሁ» አላት ምራቱን። ነፍጡን ወልውሎ፣ ቀንዱን አንግቶ ወጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጁን መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ ግን አልሳተም። አንዱ ቆስሎ ገደል ገባ፤ አንዱ እየደማ ቆላ ወረደ፤ ሦስተኛው ልቡን ተመትቶ እንዴት እንደሮጠ ለእርሱም ገርሞታል። እንደ እርሱ ወሬ ከሆነ ያ ገደል በቁስለኛ ድኩላ መሞላት ነበረበት። እኔ ውስጤ እያረረ እሰማዋለሁ፤ ሚስቴ በአማትነት አክብራው አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ልጄ ድምፅ አጥታ ታለቅሳለች።

ሦስተኛው ተኩስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። በቆላው በኩል መሬታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ሸፍተዋል ስለሚባል ተኩስ በተሰማ ቁጥር የማኅበሩ ጠባቂዎች ይሯሯጣሉ። ሊቀመንበሩ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ከእንግዲህ አንድ ጥይት ቢተኮስ ነፍጡን እንወርሳለን ብሎ አስጠነቀቀ። አባቴ የአያቴን ጀግንነት ከሥር መሠረቱ ተረከለት። ሊቀመንበሩም ሳይጨርስለት ሄደ።

ያኔ ጎረቤታችን ሼሁ ጠሩኝ። በግቢያቸው ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው። ከቆዳ ጠፍር ሸምቀቆ ሠርተው አውሬ ወደ ምንጩ በሚወርድበት መንገድ ላይ ይዘረጋሉ። ድምፅ የለው፣ ባሩድ የለው፣ ሊቀመንበርም አይጠራ። ወጥመድ ደግሞ አውሬውን በሕይወት ይይዛል፤ ቁም ነገሩም እዚያ ላይ ነው። እኛ አገር ክርስቲያን የእስላም እጅ ያረደውን አይበላም፤ እስላምም የክርስቲያንን። ሳይታረድ የሞተ ከሆነ በክት ነውና ሁለቱም አይነኩትም። ስለዚህ ሼሁ ያሉኝ ይህን ነው፤ ወጥመዱን አብረን እንጠብቅ፣ የተያዘውን በተራ እንውሰድ፣ ተራው የደረሰው ወርዶ በገዛ እጁ ይረድ። ለአራስ ቤት ስለሆነ የመጀመሪያው ተራ የእናንተ ይሁን አሉ።

አባቴ ግን እንቢ አለ። ወጥመድ የሌባ ሥራ ነው፤ ወንድ ልጅ ሲገድል ተኩሶ አሰምቶ፣ ፎክሮ ነው እንጂ እንደ አይጥ አጥምዶ አይደለም አለ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሚዳቋ ተያዘች። ሼሁ ልጃቸውን ልከው ኑ እረዱ ሲሉን፣ እኔ ማኅበሩ መንገድ ጥረጉ ብሎን እዚያ ነበርኩ። አባቴ የመጣውን ልጅ በደጅ መለሰው። ሼሁም ምን ያድርጉ፣ ትሞትብኛለች ብለው ቢስሚላህ ብለው አረዷት። ማታ ስገባ የጎረቤት ሥጋ ሽታ ቤታችን ገብቷል፤ ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። የሼሁ ባለቤት አፍራ አንድ እፍኝ የተቆላ ባቄላ ልካለች። አባቴ ባቄላውን እየቆረጠመ፣ ድኩላ ከሚዳቋ እንዴት እንደሚበልጥ ነገረኝ።

ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ላይ ጮኽኩ። የሚቀጥለው ተራ የእኔ ነው፣ እጅዎን እንዳያስገቡ አልኩት። አኩርፎ ተኛ።

ከስምንት ቀን በኋላ ጠዋት ማኅበሩ ስብሰባ ጠራን። ስብሰባ መቼም አያልቅም ነበር። ከከተማ የመጣ ዘማች ተማሪ ረሃቡን ያመጣው ባላባቱ መሆኑን እያስረዳን፣ እኛም በባዶ ሆዳችን እያጨበጨብን ሳለ፣ ከገደሉ በኩል ያ የማውቀው ድምፅ አስተጋባ። ተማሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። አባቴ ስብሰባው ላይ እንደሌለ ያስተዋልኩት ገና ያኔ ነው። ማንንም ሳልጠይቅ ቁልቁል ሮጥኩ።

ምንጩ አጠገብ ስደርስ አባቴ ተንበርክኳል። ፊት ለፊቱ ሚዳቋ ወድቃለች፤ አንድ እግሯ በሼሁ ጠፍር እንደታሰረ ነው። አንገቷን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል፤ የወጣችው ነፍስ በዚያ በኩል የምትመለስ ይመስል።

ነገሩን በኋላ ነው ያገጣጠምኩት። ተይዛ አግኝቷታል፤ ካራው ወገቡ ላይ ነው፤ ማረድ ይችል ነበር። ግን ጥይት ሳይሰማ ሚዳቋ ተሸክሞ በሰፈር መሃል ማለፍ እንዴት ይሆናል? በወጥመድ ያዛት ሊባል ነው። ስለዚህ ወደ ሰማይ አንድ ጥይት ሊተኩስ፣ ሰው ሊሰማለት፣ ከዚያ ባርኮ ሊያርዳት አሰበ። ቃታውን ሳበ። ነፍጡ እንደ ልማዱ አመነታ። ከሸፈ ብሎ አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ ሊያየው ሲል ተተኮሰ። አንገቷን መታት። ዕድሜ ልኩን መትቻለሁ እያለ ሲስት የኖረ ሰው፣ ልሳት ባለባት በዚያች አንድ ቀን መታ።

«ሞታለች» አለኝ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮ አያውቅም።

የማልረሳውን ቃል ያኔ ተናገርኩ። «ልጄን ነው የገደሉት» አልኩት። ዛሬ ባስበው ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላፈርኩም። ነፍጡን አንሥቼ ድንጋይ ላይ ልከሰክሰው ምንም አልቀረኝም።

ከላይ የሚወርዱ ሰዎች ኮቴ ተሰማ። አባቴ ካራውን ከወገቡ መዝዞ እጄ ላይ አኖረው።

«ከቆሰለችበት ላይ እረድ» አለኝ። «ሳትኳት። በሕይወት ነበረች፤ ባርከህ ያረድካት አንተ ነህ።»

በስመ አብ ብዬ የሞተች ሚዳቋ አረድኩ። ካራው የጥይቱን ቀዳዳ ሰንጥቆት አለፈ። የፈሰሰው ደም አንድ ጣሳ አይሞላም።

ሊቀመንበሩ ከነጠባቂዎቹ ደረሰ፤ ተማሪውና ሼሁም ተከትለዋል። ማን ተኮሰ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ቆሞ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ መልሶ፣ እኔ ነኝ፣ ሳትኩ አለ። የታሰረች ሚዳቋ፣ በአምስት እርምጃ። መጀመሪያ የሳቀው ተማሪው ነው፤ ከዚያ ጠባቂዎቹ፤ መጨረሻ ላይ ሊቀመንበሩ ራሱ። ነፍጡን እየወሰደ፣ በዚህ ነፍጥ እንኳ አብዮቱን የሚጎዳ የለም አለ። አባቴ አንድ ቃል አልመለሰም። ሼሁ ግን አልሳቁም። መሬቱ ላይ ያለውን ትንሽ ደም አዩ፤ አንገቷን አዩ፤ እኔን አዩ። «ተራው የእናንተ ነው። አላህ ለአራሷ መድኃኒት ያድርገው» አሉና ጠፍራቸውን ፈትተው ሄዱ።

ሚስቴ ማን አረደ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። ራሷ ቆራርጣ፣ አጥባ ቀቀለችው፤ መረቁን ጠጣች፤ ሥጋውን በላች። በሦስተኛው ቀን ጡቷ አጋተ። ልጄ ጠብታ ስታበቃ እንቅልፍ ሲወስዳት አይቼ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

የአባቴ መከራ ግን ያኔ ጀመረ። ገበያ ሲወጣ «የታሰረች የሳተ» እያሉ ይጠቋቆሙበታል። ሠርግ ቤት ጠላ ሞቅ ሲያደርጋቸው እርሱ በተቀመጠበት ይተርኩታል። ስለ አንዲት ዶሮ እንኳ ሙግት የሚገጥም ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። ዝምታውም እንደ ወሬው ያናድደኝ ጀመር። እንዲመልስላቸው እፈልጋለሁ፤ ቢመልስ ደግሞ ጉድ ይፈላል። ሚስቴ ሃይማኖተኛ ናት፤ በክት መብላቷን ብታውቅ ምን እንደምትሆን አላውቅም። እኔ ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ የተሰጠኝን ጾምና ስግደት በድብቅ ፈጸምኩ። ለምን ከሳህ ስትለኝ ሆዴን ነው እላት ነበር።

አባቴ ያረፈው ልጄ አድጋ ለአቅመ ሔዋን በደረሰች ጊዜ ነው። በሠልስቱ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ቄሶቹ በላይኛው መደብ፣ ሼሁ በዕድሜ ጎብጠው በበሩ በኩል ተቀምጠዋል። የሽማግሌ ለቅሶ ነውና ጨዋታም አይጠፋም። አንድ የሰፈራችን ሰው፣ በክፋት አይደለም፣ ያችን የሚዳቋ ነገር አነሣት። ለቀስተኛው ሳቅ አለ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ፈገግ አልኩ።

ሚስቴ ጠላ እየቀዳች ነበር። ጋኑ አጠገብ ቀና ብላ ቆመች።

«አልሳቱም» አለች። «ሥጋውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደሙ ውስጡ ረግቶ ሦስት ውኃ ለውጬም አልለቀቀም። በክት መሆኑን እያወቅሁ ነው የበላሁት። አባቴ አልሳቱም።»

እኔ ሚስቴን አያለሁ፤ እርሷ ግን እኔን አታይም፤ የምታየው ያን ጨዋታ ያመጣውን ሰው ነው። ቄሶቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ሐቅ ነው» አሉ ሼሁ ከበሩ በኩል። «እኔም አይቻለሁ።»

ያ ሰውዬ ተነሥቶ ይቅርታ ልጠይቅ አለ፤ ማንን እንደሚጠይቅ ግን ግራ ገባው። ልጄ ከጓዳ ወጥታ እናቷ አጠገብ ቆመች፤ ሰዉ ሁሉ እርሷን አየ፤ እርሷም ለምን እንደሚያዩዋት ስላልገባት ነጠላዋን አስተካከለች።