በዝናብ ቀን የሚጠፋው ካሜራ

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ዛሬም ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው አልኩ።

አባቴን ስትሮክ ከመታው በኋላ ከሀገሩ ከጎረቤላ አምጥቼው አብረን እንኖራለን። ግማሽ አካሉ አይታዘዝለትም፤ አንደበቱም ተይዟል። እኔ ፋብሪካ ስለምውል ቀኑን ብቻውን ነው። አንድ ቀን ሊነሳ ሞክሮ ወድቆ፣ ማታ ስመጣ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ እጄ ማሽኑ ላይ፣ ልቤ እዚያ ወለል ላይ ሆነ።

አከራዬ እትዬ ዘነበች የሚኖሩት ከፊት ባለው ትልቁ ቤት ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጓሮ ወዳለው ክፍላችን መመላለስ ይከብዳቸዋል። ካሜራ ብገዛ ከሳሎናቸው ሆነው በስልካቸው ሊያዩልኝ ተስማሙ። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ምስሉ ከግቢ ውጭ አይታይም፤ እኔ ከፋብሪካ ላየው አልችልም።

የእትዬ ዋይፋይ ደግሞ እኛ ክፍል አይደርስም። ከእሳቸው ራውተር እስከ ክፍላችን ኬብል ስቤ ሁለተኛ ራውተር ተከልኩ። የእሳቸው ስልክ በአንዱ ራውተር፣ ካሜራው በሌላው ሆኑና አልተገናኙም። የፋብሪካችን ኤሌክትሪሺያን፣ "የእሳቸው ራውተር ወዳንቺ የሚወስደውን መንገድ አያውቅም፤ ስታቲክ ራውት አስገቢለት" አለኝ። የእኔ ኔትወርክ የት እንዳለና በየት በኩል እንደሚደረስ በቁጥር መንገር ማለት ነው። ከሥራ ገብቼ፣ አባቴን አጥቤና አብልቼ፣ ዓይኔ እየተከደነ ቁጥሮቹን ሞላሁ። አንዷን ስሳሳት እንደገና። በመጨረሻ አባቴ በእትዬ ስልክ ላይ ታየ።

ብዙም አልቆየ። "ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ አልከፈት አለኝ" አሉኝ እትዬ። ገብቼ ሳይ የሞላሁት የለም። መልሼ ሞላሁ፤ መልሶ ጠፋ። ክረምቱ በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል። እትዬ ሳይነካኩት አይቀሩም ብዬ በሆዴ ታዘብኳቸው። አፍ አውጥቼ ለመጠየቅ ግን አቅሙም አልነበረኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ማሽናችን ተበላሽቶ ቀድመን ተለቀቅን። ዝናቡ ይወርዳል፣ መብረቁ ይባርቃል። ወደ ሳሎኑ ብገባ እትዬ የሉም። ራውተሩ ከሶኬት ተነቅሏል፤ ስልካቸውም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አባቴን የሚያየው ሰው የለም ብዬ በጭቃው ሮጥኩ።

እትዬ አልጋው ዳር ተቀምጠው የአባቴን ደህናውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ነጠላቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

"እትዬ፣ ራውተሩን ማን ነቀለው?" አልኳቸው።

"እኔ ነኛ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር እነቅለዋለሁ። ሽቦው እስከዚህ ተስቦ የለ? መብረቁ በሱ መጥቶ አባትሽን ቢመታቸውስ? ተነስተው አይሸሹ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በስልኩ ስለማላያቸው መጥቼ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፣ እስኪያባራ። ነጎድጓድ ይፈራሉ እኮ። አታውቂም እንዴ?"

አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው አባቴ ጅብ ሲጮህ ብቻውን ወጥቶ በረቱን የሚያይ ሰው ነው። አሁን ፈራሁ የሚልበት አንደበት የለውም፤ በካሜራው ደግሞ ዝም ብሎ የተኛ ነው የሚመስለው። እትዬ እጁን ሲይዙት ነው መንቀጥቀጡን ያወቁት። በዚያ ጉልበታቸው፣ በዚያ ጭቃ ተመላልሰውበታል። እኔ ደግሞ ስታዘባቸው ከርሜያለሁ። አፈርኩ፤ አለቀስኩም።

የራውተሩን መነቀል ለኤሌክትሪሺያኑ ብነግረው ሳቀብኝ። ቁጥሩን ከሞላሁ በኋላ ሴቭ የሚለውን ካልነካሁ ራውተሩ በተነቀለ ቁጥር ይረሳዋል ለካ። ነካሁት። አሁን ቢነቀልም አይጠፋም። ለእትዬ ይህን ስነግራቸው፣ "ደግ አደረግሽ። እኔ ግን በዝናብ መምጣቴን አልተውም" አሉኝ።

ድካሙ አሁንም አለ፤ የሚቀንስም አይመስለኝም። ግን አንድ ነገር ተገልብጦብኛል። ፀሐይ በሆነበት ቀን ማሽኑ ላይ ቆሜ አባቴ ወድቆ ይሆን እያልኩ እውላለሁ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን ትንሽ አርፋለሁ።