የፈገግታ ቀን በማን ተጀመረ

አስመራ፣ ሓዝሓዝ ሰፈር ውስጥ በነበረ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ፣ ከፋሲካ ዕረፍት መልስ፣ የፈገግታ ቀን ይከበር ነበር። በዚያ ቀን ልጅ አይገረፍም፣ አይንበረከክም። ተማሪው ሁሉ ለአንድ ሰው አንድ ደግ ነገር ያደርጋል፤ ያገኘውንም ሰው ፈገግ ብሎ ሰላም ይላል። ቀኑን ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውሱ ሰዎች ሲጠየቁ የአንዲት መምህርት ስም ይጠራሉ። የሚጠሩት ስም የኔ አይደለም። የጀመርኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሷ ጓደኛዬ ነበረች።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ትግርኛ ከመማሪያ መጻሕፍቱ ወጥቶ አማርኛ ገብቷል። እኔና ጓደኛዬ ከመምህራን ማሠልጠኛ አብረን ወጥተን፣ እዚያው ትምህርት ቤት ተመድበን፣ በአንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አማርኛውን እኛም የተማርነው ከደብተር ነው። ጠዋት ጠዋት ፀጉራችንን እያበጠርን አንዳችን የሌላችንን አነጋገር እናርማለን። እሷ ከኔ ትሻል ነበር፤ እኔ የትግርኛዋ «ሐ» ጉሮሮዬን አልለቅ ብላኝ አስቃታለሁ። ቀሚስ እንዋዋሳለን። ፓራዲዞ ሰፈር የሚኖሩት እናቷ የታመሙ ጊዜ እየተፈራረቅን ያስታመምናቸው እኔና እሷ ነን። እሳቸውም «ሁለቱ ልጆቼ» ይሉን ነበር።

የማስተምረው ሁለተኛ ክፍል ነበር። ትግርኛ ከአፉ ያመለጠው ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተንበርክኮ ይቆያል፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚንበረከኩት ብዙ ነበሩ። እየቆየ ቁጥራቸው ቀነሰ። አማርኛ ስለ ቻሉ አልነበረም፤ መናገር ስለ ተዉ ነው። ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ያፈጡብኛል፣ ከንፈራቸው አይላቀቅም።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና፣ እንዳይሰማባት በሹክሹክታ፣ በትግርኛ «መምህር፣ አሞዎታል?» አለችኝ።

«አላመመኝም። ምነው?»

«ስለማይስቁ።»

ማታ ለጓደኛዬ ነገርኳት። «እውነቷን ነው፤ ክፍል ስትገቢ ፊትሽን ብታዪው አንቺም ትሸሺ ነበር» አለችኝና ተሳሳቅን። በማግስቱ ልጆቹን ሰብስቤ፣ ነገ አንድም ልጅ አይንበረከክም፤ ሁላችሁም ለአንድ ሰው ደግ ነገር ትሠራላችሁ፤ በፈለጋችሁት ቋንቋ ብታወሩ ማንም አይቆጣችሁም አልኳቸው። አላመኑኝም። አንዱ እጁን አውጥቶ «እርስዎም ይስቃሉ?» ሲል ጠየቀኝ። እስቃለሁ አልኩት።

ያን ቀን መቼም አልረሳውም። ጫማ ያለው ልጅ ጫማውን አውልቆ ለሌለው አውሶ ዕረፍቱን ሙሉ በባዶ እግሩ ሮጠ። ለዘበኛው ውሃ የሚወስዱት ከመብዛታቸው የተነሣ ሽማግሌው «በቃኝ ልጆቼ፣ ልታፈነዱኝ ነው» እያሉ በር ላይ ሲስቁ ከክፍል ይሰማ ነበር። ለወራት ድምፃቸውን ያልሰማኋቸው ልጆች ስለ ቤታቸው፣ ስለ ፍየላቸው፣ ስለ ወንድማቸው ሠርግ እየተሻሙ አወሩልኝ። ሲወጡም ለቀኑ ስም አወጡለት፤ «መዓልቲ ፍሽኽታ» አሉት፣ የፈገግታ ቀን ማለታቸው ነው።

በዓመቱ ሌሎቹ ክፍሎችም ካላከበርን አሉ። ከሸዋ የመጡት ዲሬክተራችን ለስላሳ ሰው ነበሩ፤ ፈቀዱ። በር ላይ ቆመው ልጆቹን በየተራ ጨበጡ። ጓደኛዬ ካራሜላ በከረጢት አምጥታ ለየክፍሉ አደለች። ከሁላችንም የበለጠ የተደሰተችው እሷ ነበረች።

በዚያው ሳምንት አመሻሹ ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘን በአስመራ ዋና ጎዳና በኮምቢሽታቶ ስንንሸራሸር፣ «ታውቂያለሽ፣ ልጆቹ በአማርኛ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። የሚስቁት በእናታቸው ቋንቋ ነው» አልኳት። ክንዴን ጫን አድርጋ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለችኝ። ጄላቲ፣ የጣሊያኑን አይስክሬም፣ ገዝተን እየላስን ወደ ቤታችን ተመለስን።

ሦስተኛው ዓመት ደርሶ ለቀኑ ስንዘጋጅ ዲሬክተሩ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«ይህ የእርስዎ ቀን ሌላ ትርጉም ተሰጥቶታል። ከበላይ መጥተው ጠይቀውኛል» አሉ።

«የልጆች ጨዋታ ነው እኮ።»

«ልጆቹ በአማርኛ አይስቁም ብለዋል? የሚስቁት በእናታቸው ቋንቋ ነው ብለዋል?»

አንድም ቃል አልተለወጠም። ያን ንግግር በሕይወቴ የተናገርኩት አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው ነው። «ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«እሱን አይጠይቁኝ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ባረንቱ፣ ቆላው አገር ተመድበዋል። ከዚህ የከፋ እንዳይመጣ ያደረግሁት ጥረት ይህ ነው።»

ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው። መንገዱን ሁሉ ሌላ ሰው አጠገባችን አልፎ ይሆናል፣ ሰምቶን ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር። በሩን ስከፍት ጓደኛዬ የከሰል ካውያ ይዛ ልብስ ትተኩሳለች። የምትተኩሰው የኔን ልብስ ነው። ቀጫጭኖቹን፣ ለቆላ የሚሆኑትን ለይታ አውጥታ፣ የጨረሰችውን አጣጥፋ አልጋዬ ላይ ደርድራለች። ስለ ባረንቱ ገና አልነገርኳትም።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ቀና አላለችም።

«መቼ ነው የነገርሻቸው?» አልኳት።

ካውያውን አቆመችው። «ከበላይ የመጡት ጠሩኝ። ሁሉንም ያውቁ ነበር። እኔ ባልናገር ሌላ ሰው ይናገር ነበር።»

«ያን ንግግር ሌላ ሰው አልሰማውም።»

«እናቴን ታውቂያታለሽ። እኔ ከዚህ ብሄድ ማን አላት? አንቺ ለብቻሽ ነሽ፣ የትም ትኖሪያለሽ።» ከዚያ ዓይኔን አየችኝ። «ደግሞ ቀኑን ሊሰርዙት ነበር። እኔ እንድይዘው ለምኜ ነው የተዉት። ለልጆቹ ስል ነው ያደረግሁት።»

የመጀመሪያው አልጎዳኝም፤ ፈርታለች፣ ማንም ይፈራል። የጎዳኝ ሁለተኛው ነው። እኔን አሳልፋ ሰጥታ ቀኔን ወስዳ፣ ይህንኑ እንደ ውለታ እንድቆጥርላት ፈለገች። የተኮሰችውን ልብስ እንደ ታጠፈ ሻንጣዬ ውስጥ ጨመርኩት፤ ሌላ ልብስ አልነበረኝም።

ባረንቱ ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ሰዉ ግን ተቀበለኝ። እዚያው አስተማርኩ፣ እዚያው ትዳር ያዝኩ። ሰዎች አማርኛውን ጠልቼ እንደሆነ ይጠይቁኛል። አልጠላሁትም፤ ይህንንም የምጽፈው በሱ ነው። የከዳችኝ በእናቴ ቋንቋ «ሓብተይ» እያለች፣ እህቴ እያለች የምትጠራኝ ሰው ነበረች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ፋሲካ ካለፈ ወዲያ፣ ወደ አስመራ መጥቼ ኮምቢሽታቶ ላይ የተሰለፉ ተማሪዎች አየሁ። የወረቀት አበባ ይዘዋል። ደረታቸው ላይ «የደግነትና የፈገግታ ቀን» የሚል ጨርቅ ተሰፍቶላቸዋል፤ እንግዳ ይጠብቃሉ። ጓደኛዬ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከፊታቸው ቆማለች። መኪኖቹ ብቅ ሲሉ ፊሽካ ነፋች። ልጆቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጥርሳቸውን አሳዩ። መኪኖቹ ሲያልፉ ባንድ ጊዜ ከደኑ። ፀሐዩ ላይ ስንት ሰዓት እንደ ቆሙ አላውቅም፤ ዳር ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ልጅ ግን በቆመችበት ታለቅስ ነበር፣ ዞር ብሎ ያያትም የለም።

ሰልፉ ሲበተን ጓደኛዬ ካፊያ ውስጥ እንዳለች ሴት እየተጣደፈች ወደኔ መጣች፤ አቅፋም ሳመችኝ። እናቷ ማረፋቸውን፣ እሷ ምክትል ዲሬክተር መሆኗን ነገረችኝ። ስለ እናቷ አዘንኩ፤ ከልቤ ነው ያዘንኩት። ከዚያ ፊቴን አየችና «ፈገግ በይ እንጂ፣ ዛሬ እኮ ቀኑ ነው» አለችኝ።

እየቀለደች ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለደችም፤ ረስታዋለች። ወይም ለብዙ ሰው ስለ ተናገረችው የራሷ ሆኖባት ነበር። «ቀኑን ማን እንደ ጀመረው ትነግሪያቸዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷ ለአፍታ ተለዋወጠ። «ምን ይጠቅማቸዋል?» አለች ቀስ ብላ።

ቸር ሰንብቺ ብያት ወደ ፌርማታው ሄድኩ። ጥቂት ተከተለችኝና ቆመች። ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም።