ለሦስት የማይሆን ጨዋታ

«ዛሬም ከእሷ ጋር ነው የምጫወተው አልኩህ እኮ!» አለ ጓደኛዬ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር እያሰረ። ለእኔ አድርጎት የማያውቀውን ነጭ ካልሲ አጥልቋል።

መካነ ሰላም ውስጥ ቴኒስ የምንጫወተው እኔና እሱ ብቻ ነበርን። መረብ ኳስ ሜዳው ላይ ገመድ ዝቅ አድርገን ወጥረን፣ እርስ በርስ እየተራረምን ነው የተማርነው። እሷ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ በቅርቡ ከኩዌት ተመለሰች። እዚያ የአሠሪዎቿን ልጆች ቴኒስ ሜዳ ስታመላልስ ለምዳው ኖሯል፤ አመታቷን ሳይ አንጀቴ ያርራል።

«ወላሂ፣ ከእሷ ጋር ስጫወት እሻሻላለሁ። ካንተ ጋር ያው ነኝ።»

«እኔስ ከማን ጋር ልጫወት?»

«አብሽር፣ አንተማ ዳር ተቀምጠህ ግጥም ትጽፍልናለህ!»

«ለእሷ ነው ለአንተ?»

ራኬቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣና በሩን ዘጋው።