ርሆቦትን ሊጠይቁ የመጡት

«ሁሉም ሰው ተጠየቀ! እናቴ ተጠየቀች፣ ደበሳይ ተጠየቀ፣ አንተ እንኳን ተጠየቅክ። እኔን ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው ማነው?»

ርሆቦት ናት የምትጮኸው። አጎቷን ጋሽ ደበሳይን «ጋሼ» ማለቱ እንኳን በንዴት ጠፍቶባታል። የምትጮኸው ደግሞ እኔ ላይ ነው። ሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን፣ ከአፓርታማችን ጀርባ ባለችው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ቆመን፣ በየቃሉ ኳሱን ደረቴ ላይ ትወረውርብኛለች። እኔ ምን አጠፋሁ? ተረጎምኩ እንጂ።

«ተረጎምክ! ጭራሽ በሰውየው ድምፅ ነው የተረጎምከው!» አለችኝና ኳሱ እንደገና መጣ።

መጀመሪያ እሷን ላሳውቃችሁ። ርሆቦት ማለት አንድ ሜትር ከዘጠና ናት። ሌላው ታሪኳ በሙሉ ከዚህ ነው የሚወጣው። ገና ልጅ እያለን ሰንበት ትምህርት ቤት ለመዝሙር ስንሰለፍ ከኋላ አቆሟት። አዲስ የመጡት መምህር ትንሽ አይተዋት «እመቤት፣ ወላጆች በዚያ በኩል ነው የሚቀመጡት» አሏት። ከአዲስ አበባ የሚላክላት የሐበሻ ቀሚስ ሁሌ ጉልበቷ ላይ ይቀራል፤ እናቷ እትዬ ቅዱሳን ከስር ጨርቅ ይቀጥሉበታል፣ ቀሚሱ ሳይደርስ እሷ ደግሞ ትጨምራለች። በሲያትል የሠርግ ፎቶ ላይ ከአንገት በላይ የሌላት ሚዜ ካያችሁ ርሆቦት ናት። ቤተ ክርስቲያን ያሉት እናቶች ትከሻዋን እየዳበሱ፣ መድረስ የሚችሉት ማለቴ ነው፣ «እግዜር ይበቃል ይበላት» ብለው ይጸልዩላት ነበር። እሱ ግን ቸኩሎ ይበቃል አላላትም።

ሶ፣ ይቺ ልጅ እዚሁ ሲያትል ለኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። አግቢ አይደለችም። ሥራዋ ሌሎቹ የሳቱትን ኳስ ከአየር ላይ መልቀም ነው፤ ክርኗ አጠገብ የቆመ ሰው ደግሞ ሁለተኛ አይቆምም። የምትማረው የድልድይ ምህንድስና ነው፣ አንድ ዓመት ነው የቀራት። እኔና ትምህርት ቤት የተለያየነው አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ነው፤ ማን ማንን እንደተወ አላነሳም። ከዛ ወዲህ ጎማ ቤት እሠራለሁ፣ ማታ ማታ ለሷ ኳስ አቀብላለሁ፣ በመሃል የሰው ድምፅ አስመስላለሁ። ቄሱን፣ የአፓርታማውን ማኔጀር፣ እናቴን፣ የማላስመስለው ሰው የለም። እሷን ብቻ አልነካም። አንዴ ሞክሬ፣ ያ ክርን ሲመጣ አይቼ ተምሬያለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ በኋላ ያስፈልገናል። ርሆቦት ሁሌ የምትወራረደው ራሷ ላይ ነው። ልትወረውር ስትል «እስታለሁ፣ በሳምቡሳ» ትላለች። ከሳተች ሳምቡሳ ትበላለች፣ ካገባች ደስ ይላታል፤ ብቻ ባዶ እጇን አትቀርም። የምትፈልገው ነገር ላይ ተወራርዳ አታውቅም። እኔ ይሄን ሆድ ያወጣሁት በሷ ሳምቡሳ ነው፤ ከዚህ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነች ገምቱ።

አሁን ወደ ጠቡ። ቤልቪው ቢሮ ያለው ኮዲ የሚባል፣ ተጫዋች ከክለብ የሚያገናኝ ኤጀንት አለ። ጣሊያን፣ ቦሎኛ አጠገብ ያለች ከተማ ውስጥ ያለ ክለብ ርሆቦትን እንደሚፈልጋት ነገራት። ፕሮፌሽናል ልትሆን ማለት ነው። ግን አንዴ ከፈረመች ለኮሌጅ መጫወት አበቃ፣ በሩ ይዘጋል፣ ትምህርቱንም የሚከፍልላት የለም። ጨነቃት። ጊዜ ለመግዛት ብላ «መጀመሪያ ቤተሰቤን አናግር» አለችው። ኮዲም የዋህ ነው፣ «ኦኬ፣ ቤት እመጣለሁ» አለ።

እትዬ ቅዱሳን ይሄን ሲሰሙ ቁጭ አሉ። «ሰውየው ልጄን ሊጠይቅ ቤቴ ሊመጣ ነው?» አሉና ወዲያው ወንድማቸውን ኮል አደረጉ። የርሆቦት አባት ካረፉ ቆይተዋል፣ በቤቱ ትልቅ ነገር ሲመጣ የሚቆሙት ጋሽ ደበሳይ ናቸው። ታኮማ ወደብ ላይ ይሠራሉ፤ እውነተኛ ሥራቸው ግን ሽምግልና ነው። ግማሹን ሲያትል የዳሩት እሳቸው ናቸው፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ያስታረቁት።

«ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም» አሉ ጋሽ ደበሳይ። «ረከሰች ይላሉ።»

እኔ፣ ጋሼ ይሄ እኮ ሥራ ነው፣ ጋብቻ አይደለም ብዬ ነበር።

«ልጃችንን ወደ ሰው አገር ሊወስዳት አይደለም? ስሟን ሊያስፈርም አይደለም? ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» አሉኝ።

እንግሊዝኛም እንዳይነገር ተወሰነ። ጋሽ ደበሳይ ቀኑን ሙሉ ወደብ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጮሁ ነው የሚውሉት፣ ግን የዛን ቀን በክብር ነው የምንናገረው አሉ። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

ኮዲ ብቻውን መጣ። የመጀመሪያው ጥፋት፣ ሽማግሌ ብቻውን አይመጣም። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲው ላይ ቢጫ ዳክዬ አለ። ከዛ ተቀመጥ ሳይባል ሶፋው መሃል ላይ ሄዶ ቁጭ። ጋሽ ደበሳይ እኔን አዩኝ፤ ዓይናቸው «ይሄን ማነው ያሳደገው» ይላል። ሂምባሻ ሲቀርብለት በሁለት እጁ ነው የተቀበለው፤ እትዬ ቅዱሳን እዛ ላይ ትንሽ ይቅር አሉት።

ርሆቦት በሩ አጠገብ፣ የጫማ መደርደሪያው ጎን ባለችው ትንሽ ወንበር ላይ ናት። ጉልበቷ አገጯ ጋር ደርሷል። አፏን ስትከፍት ጋሽ ደበሳይ እጃቸውን ያነሳሉ፤ የምትጠየቅ ልጅ አትናገርም።

ኮዲ ስለ ክለቡ፣ ስለ አፓርታማው፣ ስለ ውሉ አወራ። እኔ በሱ ድምፅ፣ ያቺን በአፍንጫው የምታልፈዋን ሳቅ ሳልተው፣ ተረጎምኩ። ቦሎኛ የሚለው ቃል ሲወጣ እትዬ ቅዱሳን ቀና አሉ። አክስታቸው እዛ ነው ያሉት። ልባቸው ሻንጣ ከፍቶ በርበሬ መጠቅለል ሲጀምር በዓይኔ አየሁት። ጋሽ ደበሳይ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዛች ከጉሮሮ ስር በምትወጣው፣ የትግርኛ ቃና ባላት አማርኛቸው፣

«ልጃችን ገና ናት። ትምህርቷንም አልጨረሰችም። ቤተሰብ ይማከርበት፤ ሌላ ቀን ብቅ ይበሉ» አሉ።

በኛ ቤት ይሄ እሺ ማለት ነው፤ ኩራት ትንሽ ተቀብቶ። ሁለተኛ መምጣት፣ ሦስተኛ መምጣት አለ፣ ከዛ እልልታ። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ኩራቱን ግን እንዴት አድርጎ ነው ሰው የሚተረጉመው?

ኮዲ ተነሳ፣ ሁላችንንም ጨበጠ፣ ዳክዬዎቹን ጫማ ውስጥ ከቶ ወጣ። በነጋታው ለርሆቦት ቴክስት አደረገላት። የቤተሰብሽን ውሳኔ አከብራለሁ፣ ለመጨረሻው የትምህርት ዓመትሽ መልካም ዕድል ይላል። ከስሩ ቀጥ ያለ አውራ ጣት።

ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። እትዬ ቅዱሳን «አንዴ መጥቶ የሚቀር ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው?» እያሉ ዋሉ። ጋሽ ደበሳይ ግን አልተነቃነቁም። ከፈለጋት ይመለሳል፣ ካልተመለሰ ድሮም አልፈለጋትም፣ በቃ። ሶ ርሆቦት ሁለቱን ትታ ኳሷን ይዛ እኔን ፍለጋ ወረደች። አሁን እዛ ላይ ነን።

«ለምን ይሄ ኖ አይደለም አላልከውም?»

አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም አልኳት።

«አንተ? አንተ ከራስህ የማትጨምረው መቼ ነው?»

እውነቷን ነው። ስለዚህ ልክሳት ብዬ ስልኬን አወጣሁ፣ ጉሮሮዬን እንደ ጋሽ ደበሳይ ጠረግሁ። በሳቸው ድምፅ ኮል ላድርገውና «ልጄ፣ ተመለስ፣ ተማክረናል» ልበለው አልኳት። ኳሱ በዚህ ጊዜ ደረቴን አይደለም የመታው።

እያሻሸሁ፣ እሺ ቢጠይቁሽ ምን ልትዪ ነበር አልኳት። ኳሷን አነሳች፣ አነጠረች። ከዛ በእንግሊዝኛ፣ አንተ ጠይቀኝ አላልኩህም አለችኝ።

በዚህ መሃል እትዬ ቅዱሳን ከበረንዳ ብቅ አሉ። «መልከጸዴቅ፣ ቶሎ ና ተርጉም። ሌላ መጣች።»

ሌላዋ የኮሌጁ አሰልጣኝ ናት፣ ኮች ዴል። እሷ ደግሞ እስከዛሬ የላከችው አንድ ቴክስት ብቻ ነበር፤ አለሽ ወይስ የለሽም፣ ቦታሽን ለሌላ ልጅ ልስጥ የሚል። ኤጀንት ቤት ድረስ መምጣቱን ከተጫዋቾቹ ሰምታ ነው መሰለኝ መኪናዋን ራሷ ነድታ መጣች። አጭር ሴት ናት፣ የርሆቦት ክርን ጋ ትደርሳለች፣ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ እንዳለ ነው። ቁጭ በይ ቢሏት እምቢ አለች። አሰልጣኝ ስለሆነች መቀመጥ አትችልም እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም፤ ጋሽ ደበሳይ ግን ቱታቸው ላይ ኮት እየደረቡ «ይቺ ሥርዓት ታውቃለች» አሉኝ በሹክሹክታ። ከዛ ደረታቸውን ነፍተው ምን ፈልገው መጡ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

ኮች ዴል አላየቻቸውም። ወደ በሩ ዞራ፣ ትንሿ ወንበሯ ላይ የተቀመጠችውን ርሆቦትን አየቻትና አንድ ነገር ጠየቀቻት።

እኔ በሹክሹክታ ለቤቱ ተረጎምኩ። «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? ነው የምትላት።»

ስትጮህበት የከረመችው ጥያቄ ይሄው፣ ቤቷ ድረስ፣ ፊሽካ አንጠልጥሎ መጣላት። ሁላችንም አየናት። እትዬ ቅዱሳን የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው መሬት መሬት ያያሉ፤ ቦሎኛ የሚል ቃል ሊያመልጣቸው ፈርተው ነው። ርሆቦት ከቁመቷ ጋር በማይሄድ ትንሽዬ ድምፅ አይ ዶንት ኖው አለች።

ጋሽ ደበሳይ ለዚህ የተዘጋጀ ነገር የላቸውም፤ ልጅ ተጠይቃ አላውቅም ስትል አይተው አያውቁም።

ከዛ ርሆቦት ከትንሿ ወንበር ተነሳች። ስትነሳ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ራሷ መብራቱ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረች፣ በአማርኛ፦

«ንገራት። ልጅቷ ገና ናት። ትማከርበታለች። ሌላ ቀን ብቅ በይ በላት።»

ጋሽ ደበሳይ ጭናቸውን መቱ። «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ ተረጎምኩ፣ በዚህ ጊዜ ከራሴ «ይሄ ኖ አይደለም» የሚል ጨመርኩበት። ኮች ዴል ርሆቦትን አየች፣ ጋሽ ደበሳይን አየች፣ እሺ ሰኞ እመለሳለሁ አለች። ከዛ ሂምባሻ ተቀበለች፣ ቁጭ አለች፣ አንድም ነገር ሳታነሳ በልታ ሄደች። ጋሽ ደበሳይ መኪናዋ እስኪጠፋ በረንዳ ላይ ቆመው ሸኟት።

ደረጃው ላይ ወጥተን ተቀመጥን፣ እኔና ርሆቦት። ጫማዋን ፈታች፣ መልሳ አሰረች።

እኔ፣ ያኛውስ አልኳት። ኮዲስ ቢመለስ?

«ማን ቀድሞ እንደሚመለስ እንወራረድ» አለች።

በሳምቡሳ ስላት ራሷን ነቀነቀች። ከተሸነፍክ ያቺን ያቋረጥካትን ትምህርት ትጨርሳለህ አለችኝ። እኔም ቀላል አይደለሁም። ከተሸነፍሽ ጋሽ ደበሳይ ፊት፣ እናትሽ ፊት፣ ሰው ሁሉ ባለበት አንቺን አስመስላለሁ፣ ክርንሽን ኪስሽ ውስጥ ከተሽ ታያለሽ አልኳት። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበችና እሺ አለች።

«በል፣ ኮች ዴል» አለች በጥድፊያ። «የምትመለሰው እሷ ናት።»

አየኋት። የበላሁት ሳምቡሳ ሁሉ ትዝ አለኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አለች፣ ጫማዋን እያየች።

ሶ ለእኔ ዳክዬው ሰውዬ ቀረልኝ። እጄን ስዘረጋላት አልጨበጠችኝም።

«በማንም ድምፅ ስልክ እንዳትደውል። ማል።»

«ይሄው ማልኩ።»

«በጋሼ ድምፅ አይደለም። በራስህ ድምፅ።»

ማልኩላት። ጨበጠችኝ፣ ጣቶቼ እስካሁን ያማሉ።

ሰኞ ገና ነው። እትዬ ቅዱሳን ፓርክ የሚያደርገውን መኪና ሁሉ ከበረንዳ ያያሉ፤ የፒዛውን ልጅ ሳይቀር አንዴ ግባ ሊሉት ነበር። ርሆቦት እኔ አላይም ትላለች። ሜዳችን ላይ ሁለት ቅርጫት አለ፣ አንደኛው ደህና ነው፣ ሌላኛው ቀለበቱ ተጣሟል። የተጣመመው ላይ ስንጥል ፊታችን ወደ ፓርኪንጉ ስለሚዞር ከልጅነታችን ጀምሮ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ይገባል እያለች ነክታው አታውቅም። ሰሞኑን እሱ ላይ ብቻ ነው የምትወረውረው። ሁሉንም እየሳተች ነው፣ እኔም እያቀበልኩ።