ለስፓኒሽ ፈተና ስል ያቆየሁት መልእክት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ስንቴ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያታለሁ።

ከሰናይት ጋር እዚህ ውጭ አገር፣ ዩለስ በምትባል ከተማ አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖር ነበር። ሁለታችንም ፍሪስኮ የሚባል ሌላ ከተማ ያለ ክሊኒክ በጽዳት ነበር የምንሠራው። ብዙው ታካሚ ስፓኒሽ ተናጋሪ ስለሆነ፣ የስፓኒሽ ፈተና ያለፈ ወደ ሪሴፕሽን ይዛወራል ተባለ። እሷ ቋንቋ ቶሎ ይገባታል፤ እኔ ድንጋይ ነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «እማዬ በጣም ታማለች፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠዋል። ቶሎ ከመጣች በሕይወት ትደርስባታለች። ዱብ ዕዳ እንዳይሆንባት አንቺ አረጋግተሽ ንገሪያት፣ እህቴ» አለኝ። በእኛ ደንብ ክፉ ወሬ የሚነገረው በቅርብ ሰው በኩል ነው። የቅርብ ሰው ተብዬው እኔ ነበርኩ።

ፈተናው ዓርብ ነበር።

እኔ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። የዚያኑ ዕለት ሰናይት ደብተሯን ዘርግታ «መጓዝ» የሚለውን ግስ ታስረባኝ ነበር። «ቪያሃሪያ፣ እጓዝ ነበር። ቪያሃሪያስ፣ ትጓዢ ነበር። በይ ሪፒት አድርጊ! ኦኬ፣ አሁን ደግሞ ‹እንጓዝ ነበር› በይ» ትለኛለች። እኔ የእናቷን ነገር በሆዴ ይዤ «ቪያሃሪያሞስ» እላለሁ። ብነግራት ማን ያስጠናኛል? ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ረቡዕ ወንድሟ ሲደውል «ቀስ እያልኩ እያዘጋጀኋት ነው» አልኩት። ሐሙስም ያንኑ ደገምኩለት።

ዓርብ ሁለታችንም ፈተናውን አለፍን። እናቷም ዓርብ አረፉ።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌዎች መጥተው ሲያረዷት፣ መሬት ላይ ስትንከባለል ያቀፍኳት እኔ ነኝ። አብሬያት ጮህኩ። እንባዬ የውሸት አልነበረም፤ ግን ምን ይፈይድላታል? ወንድሟ እስከ ዛሬ «ለመንገር ጨንቋት ነው» ይላል። ለሐዘንተኛ ተብሎ የተሠራውን ደንብ እኔ መደበቂያ አደረግኩት።

ይህ ከሆነ ከዓመታት በኋላ፣ ባለፈው እሑድ፣ ሰናይት አዲስ የወለደቻትን ልጇን ክርስትና እንዳነሳላት ለመነችኝ። «ያኔ እንደ እናት ያቀፍሽኝ አንቺ ነሽ። ማለቴ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?» አለችኝ።

ፈርቼ ነው አልልም፤ አልፈራሁም። ረቡዕ ብትሳፈር ኖሮ የእናቷን እጅ ይዛ ትሰናበታቸው ነበር። ይህን የነጠቅኳት እኔ ነኝ። እናንተ ብትምሩኝም አይቆጠርልኝም፤ ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፣ እሷ ደግሞ ምን እንደበደልኳት አታውቅም። ሕፃኗን ለማንሳት እሺ ብያታለሁ።